አምበሉ ክልስ ነበር

(ባለፈው እሑድ ሸዋ ቤንች ላይ ስለ ወጣቶች የእግር ኳስ ውድድር ለመነጋገር በተሰበሰብንበት ጊዜ ያቀረብኩት ንግግር ነው። ያልተገኛችሁ "ጽሑፉን ልቀቁልን" ስላላችሁ እንዳለ ለጥፈነዋል። አንብቡት፣ ለጓደኞቻችሁም ሼር አድርጉት።)



ከቡና ለቀማ በቀጥታ የመጣችሁም፣ ከሚዛን ድረስ በሞተር የመጣችሁም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ማታ የአርሰናል ጨዋታ እንዳለ አውቃለሁ። ዲኤስቲቪ ቤት ወንበር ሳይያዝባችሁ እለቃችኋለሁ፣ አትስጉ።

እስቲ ከዚያው ከአርሰናል ልነሳ። አርቴታ ሲጫወት ምን ነበር? አማካይ። ጓርዲዮላስ? አማካይ። ሌቨርኩሰንን አንድም የሊግ ጨዋታ ሳይሸነፍ የጀርመን ሻምፒዮን ያደረገው ዣቢ አሎንሶስ? አማካይ። አንቼሎቲም፣ ዴሾም፣ ዚዳንም እንደዚያው። ይሄ ዝም ብሎ የተገጣጠመ ነገር አይደለም። አጥቂ ጎሉን ያያል፣ በረኛ ኳሷን ያያል። አማካይ ግን ኳሷ እግሩ ሥር ሳትደርስ በፊት ማን የት እንደቆመ ማወቅ አለበት። ማን ደክሟል፣ ማን ተናዷል፣ ማን ኳስ ፈርቷል፣ ይሄን ሁሉ እየሮጠ ያነባል። ማሊያ ለብሶ ገና ማሰልጠን ጀምሯል ማለት ነው።

እሺ፣ የእኛስ? አማካይ ሆኖ፣ አምበል ሆኖ፣ ለኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫ ተቀብሎ፣ በኋላም ብሔራዊ ቡድኑን ያሰለጠነ ሰው ማነው? ይሄን ጥያቄ ባለፈው ሳምንት እዚህ ለተቀመጡ አምስት ልጆች ጠይቄያቸው ነበር። የሌቨርኩሰንን አሰላለፍ ከነተቀያሪው ይነግሩሃል፤ ይሄን ግን አንዳቸውም አልመለሱም። አልፈርድባቸውም። ማን ነገራቸውና?

ሰውየው ሉቻኖ ቫሳሎ ይባላል።

አዎ፣ ስሙ የጣሊያን ነው። አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁ ሲለወጥ እያየሁ ነው። እኔም ዛሬ እሱን የመረጥኩት ለዚሁ ነው። እኛ ብሔርተኞች ነን፣ ሀገር እንወዳለን ብለን ነው የተሰባሰብነው። ስለዚህ ሀገር የምንለው ማንን ይጨምራል፣ ማንን ያስቀራል የሚለውን እኛ ካልተነጋገርንበት ሌላ ማን ይነጋገርበታል?

ሉቻኖ አስመራ ላይ በነሐሴ 1927 ዓ.ም. ተወለደ። ዓመቱን ልብ በሉት። ፋሺስት ጣሊያን መረብን ተሻግሮ ሊወረን ሁለት ወር እንኳ አልቀረውም። እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያናዊ። ልጁ አምስት ዓመት ሳይሞላው የፋሺስቱ መንግሥት በላይ በላይ ሕግ አወጣ፤ ጣሊያናዊ ወንድ ከጥቁር ሴት ጋር ትዳር መሥርቶ እንዳይኖር፣ ከእሷ የወለደውንም ልጅ ልጄ ነው ብሎ እንዳይቀበል። በአባቱ ሀገር ሕግ ይሄ ልጅ ሰው ተብሎ የማይቆጠር ነው። ወደ እናቱ ወገን ሲዞር ደግሞ ክልስ ነው፣ የጠላት ዘር ነው። ስድቡን እዚህ አልደግመውም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በሁለቱም በኩል በሩ ተዘግቶበት ያደገ ልጅ ነው።

የገባበት በር ኳስ ነው። አስመራ በዚያ ዘመን ክለብ የሞላባት ከተማ ነበረች። ሉቻኖ እዚያ ተጫወተ፣ በመካኒክነትም ሠራ፣ ቀጥሎም ወደ ድሬዳዋ ወርዶ ለጥጥ ፋብሪካው ክለብ፣ በተለምዶ ኮተን ለምንለው፣ ተሰለፈ። ኮተን ያኔ የአዲስ አበባ ክለቦችን ያስጨነቀ፣ የሀገሪቱን ሻምፒዮና ደጋግሞ የወሰደ ቡድን ነው። (የፋብሪካ ክለብ ነው እንግዲህ። ፋብሪካ ሲኖር ሥራም አለ፣ ክለብም አለ። ዲግሪያችንን ፍሬም አስገብተን ግድግዳ ላይ የሰቀልን ሰዎች ይሄ ነገር ይገባናል። ለሌላ ቀን ይቆይ።)

አሁን ወደ ዋናው ጨዋታ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ፣ በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ፣ ግብፅ ኢትዮጵያን በፍጻሜው 4 ለ 0 አሸነፈች። በሁለተኛው፣ በ1951 ካይሮ ላይ፣ እንደገና 4 ለ 0። ሁለቱንም ዋንጫ ግብፅ ወሰደች። ሦስተኛው አዲስ አበባ ላይ ተዘጋጀ፣ ጥር 1954 ዓ.ም.። ተሳታፊዎቹ አራት ብቻ ናቸው፤ እኛ፣ ግብፅ፣ ቱኒዚያ እና ዩጋንዳ። ግብፅ ያኔ የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር። አሰልጣኛችን ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። ጋሽ ይድነቃቸው የተወለዱት ጅማ ነው፣ ከእኛው ከምዕራቡ አቅጣጫ፤ ይሄንንም የሚነግረን ሰው የለም። በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው መርተውታል። የአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ወደ ኳሱ እንዳትገባ በሩ ላይ የቆሙት እሳቸው ናቸው።

ግማሽ ፍጻሜው ጥር 6 ቀን ከቱኒዚያ ጋር ነበር። ቱኒዚያ 2 ለ 0 መራች። በገዛ ሜዳችን፣ በገዛ ሕዝባችን ፊት። ጨዋታው ግን 4 ለ 2 በእኛ አሸናፊነት አለቀ። ሉቻኖ አንድ አስገባ፣ ግርማ ተክሌ አንድ፣ መንግሥቱ ወርቁ ሁለት።

ጥር 13 ቀን፣ እሑድ፣ ፍጻሜ ከግብፅ ጋር። ጃንሆይ ስታዲየም ውስጥ ተቀምጠዋል። ወደ ሜዳ የገቡትን አሥራ አንድ ሰዎች ስም ልጥራላችሁ፣ ዝም ብላችሁ ስሙኝ፦ ጊላሚካኤል ተክለማርያም፣ ክፍሎም አርአያ፣ አስመላሽ በርሄ፣ በርሄ ጎይቶም፣ አዋድ መሐመድ፣ ተስፋዬ ገብረመድኅን፣ ግርማ ተክሌ፣ መንግሥቱ ወርቁ፣ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎ፣ ጌታቸው ወልዴ።

ኢታሎ የሉቻኖ ወንድም ነው። እስቲ እነዚህን ስሞች ወደየክልላቸው መድቧቸው። ማን የማን ነው? በዛሬው ዓይን ብናየው ከዚህ ቡድን ስንቱን እናስወጣ ነበር? አምበሉን መጀመሪያ እናስወጣው ነበር።

ግብፅ በ35ኛው ደቂቃ በበደዊ ጎል መራች። ረጅም ሰዓት ቆየ። በ74ኛው ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ ሕዝቡ ደስታውን እንኳ ሳይጨርስ በ75ኛው በደዊ ሁለተኛውን አገባ። አስቡት። አንድ ደቂቃ! ኳስ የተጫወተ ሰው ይሄን ስሜት ያውቀዋል፣ እግር ይከዳል። ያኔ የደከመን ሰው አውጥቶ ሌላ ማስገባት እንደ ዛሬው የተለመደ አይደለም፤ ሜዳ የገባው ነው የሚጨርሰው። ከሁለት የ4 ለ 0 ሽንፈት በኋላ፣ ስድስት ደቂቃ ሲቀር፣ በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ራሱ አገባ። 2 ለ 2። ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት ሄደ። በ101ኛው ኢታሎ ሦስተኛውን፣ በ117ኛው መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን። 4 ለ 2።

ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቻኖ ነው። የጣሊያን ጦር ከሀገራቸው ያሰደዳቸው ንጉሥ፣ ከጣሊያናዊ አባት ለተወለደ ኢትዮጵያዊ አምበል የአፍሪካን ዋንጫ ሰጡት። ይሄንን ፎቶ ስንቶቻችሁ አይታችሁታል? ፕሮፋይል ፎቶ ማድረግ ካለብን እሱን ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ኢትዮጵያ ይሄን ዋንጫ አግኝታ አታውቅም። ከስድሳ ዓመት በላይ ሆነው።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ዋንጫው በተነሳ በአሥረኛው ወር፣ ኅዳር 1955 ላይ፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ፌዴሬሽን ፈረሰ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ፣ ሠላሳ ዓመት የፈጀ ጦርነት። ከጠራሁላችሁ ስሞች ውስጥ ብዙዎቹ ዛሬ "የእነሱ ናቸው" ይባላሉ። ስለዚህ የ1954ን ድል ስንዘክር ፖለቲካችንም ይከብደዋል፣ አፋችንም ይተሳሰራል። ትምህርት ቤት ያልነገሩንም ለዚህ ይመስለኛል። ድሉን ለማውራት ሰዎቹን ማውራት ግድ ነው፣ ሰዎቹን ስታወራ ደግሞ ዛሬ የያዝከው የዘር ሚዛን አልሠራ ይልሃል።

ሉቻኖ ከዚያ በኋላም አላቆመም። ለብሔራዊ ቡድኑ እስከ 1962 ዓ.ም. ድረስ ተጫወተ፣ ሱዳን ላይ እስከተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ። ኳስ ካቆመ በኋላ አሰልጣኝ ሆነ፣ ብሔራዊ ቡድኑንም ያዘ። መጀመሪያ ያልኳችሁ ነገር ነው፤ አማካይ የነበረ ሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ሥራው አይቀየርም፣ ሩጫው ብቻ ነው የሚቀርለት። ጓደኛው መንግሥቱ ወርቁም በኋላ በዚሁ መንገድ ሄዷል፤ በ1974 ዓ.ም. ቡድኑን ይዞ ሊቢያ የገባው እሱ ነው። ከሊቢያ በኋላ ደግሞ ሌላ የአፍሪካ ዋንጫ እስክናይ በሰውነት ቢሻው ጊዜ እስከ 2005 ዓ.ም. ጠበቅን። እዚህ ከተቀመጣችሁት ግማሾቻችሁ ያኔ ተወልዳችሁም አታውቁ ይሆናል።

የሉቻኖ አሰልጣኝነት ግን በደርግ ዘመን ነው የወደቀው። ያ ዘመን ለማን ሆነ? ቀይ ሽብር ነው፣ የእናንተ ዕድሜ ያለው ልጅ በር ላይ ሬሳው የሚገኝበት ጊዜ ነው። ሉቻኖ ለሕይወቱ ሰግቶ በ1970 ዓ.ም. ገደማ በጅቡቲ በኩል ወጣ። የኢትዮጵያ አምበል፣ የኢትዮጵያ አሰልጣኝ፣ እንደ ማንኛውም ስደተኛ ድንበር ተሻገረ። ሮም ገብቶ ወደ ድሮ ሙያው ተመለሰ፣ መኪና ጠገነ። ከሮም አጠገብ ኦስቲያ ላይም ሕፃናትን ኳስ አሰለጠነ። የሕይወት ታሪኩን በጣሊያንኛ ጽፏል፤ የመጽሐፉ ርዕስ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ "እማዬ፣ ገንዘቡ ይኸው" እንደማለት ነው። ለእናቱ ነው የተናገረው፣ ለዚያች ሕግ ለከለከላት ሴት። መጽሐፉ በአማርኛ በእጄ ቢገባ ደስታውን አልችለውም ነበር።

"ይኸው፣ ጣሊያን ሄደ አይደል? መጀመሪያም ጣሊያን ነበር" የሚል ሰው አይጠፋም። እንዲህ ላለ ሰው ጥያቄ አለኝ። በ1970 ያልሸሸ ማን አለ? ሱዳን በረሃ የሞቱት፣ አሜሪካ ታክሲ የሚነዱት፣ እነሱም መጀመሪያውኑ አሜሪካኖች ነበሩ? ዛሬስ ከዚህ ቀበሌ በሞያሌ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄዱት ልጆች? የእነሱ እናቶች እዚሁ አሉ፣ ሂዱና ንገሯቸው። ሉቻኖ መስከረም 2015 ዓ.ም. ሮም ውስጥ በ87 ዓመቱ ሞተ። ስንቶቻችን ሰማን?

ይሄ የእኛ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፈረንሳይም አለ። ዚዳን ወላጆቹ ከአልጄሪያ የመጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 ለፔን የሚባለው የቀኝ አክራሪ መሪያቸው ብሔራዊ ቡድኑ በባዕዳን ተሞላ ብሎ ጮኸ። በሁለት ዓመቱ ዚዳን በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ብራዚል ላይ ሁለት ጎል በግንባሩ አገባ፣ ፈረንሳይ 3 ለ 0 አሸነፈች። ያ አማካይ በኋላ አሰልጣኝ ሆኖ ሪያል ማድሪድን ሦስት ጊዜ በተከታታይ የሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ አስበላ። ለፔን ራሱን ብሔርተኛ ይል ነበር። ለፈረንሳይ ዋንጫ ያመጣላት ግን ማን ሆነ?

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ፣ ምክንያቱም ዛሬ የመጣነው ለዚህ ነው።

ባለፈው ዓመት በአካባቢያችን የወጣቶች ውድድር ላይ አንድ ልጅ ነበር። ስሙን አልጠራም፣ ምናልባት እዚሁ ተቀምጦ ይሆናል። አማካይ ነው። ኳስ ይዞ ቀና ብሎ የሚያይ ልጅ፣ በዚህ ዕድሜው እንዲህ የሚያይ እኔ አላየሁም። ቡድን ሲመረጥ ቀረ። ለምን? አያቱ በ1977 ድርቅ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው፤ "የመጤ ልጅ የእኛን ቀበሌ ወክሎ አይጫወትም" ተባለ። አባቱ እዚህ ተወልዷል፣ እሱ እዚህ ተወልዷል፣ እናቱ የቤንች ልጅ ናት። ቤንችኛውን ከእኔ አሥር እጥፍ ይናገራል። ያም ሆኖ መጤ ነው። በሌላው በኩል ደግሞ ሌላ ቡድን አለ፣ እሱ የነባሩን ልጅ "እናንተ ምን ታውቃላችሁ" እያለ ገለል የሚያደርግ። ሁለቱም ተሸነፉ፣ በነገራችን ላይ። በመጀመሪያው ዙር።

ይሄ አካባቢ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ቤንች አለ፣ ሸኮ አለ፣ መኢኒት አለ፣ ካፋ አለ፣ አማራ አለ፣ ኦሮሞ አለ፣ ጉራጌ አለ፣ ለበበቃና ለቴፒ ቡና እርሻ ሥራ ፍለጋ መጥቶ እዚሁ ወልዶ የቀረ ስንት ሕዝብ አለ። ቡናው ሲለቀም አንድ ላይ ነን። አልጋ ላይ ሲሰጣ ማን ለቀመው ተብሎ አይለይም፣ ቀዩ ከአረንጓዴው ነው የሚለየው። ሰው ላይ ስንደርስ ምን ነካን? "መጤ" እና "ነባር" የሚሉት ቃላት በዚህ ዞን ምን እንዳመጡ፣ ስንት ቤት እንዳቃጠሉ፣ ስንት ቤተሰብ እንዳፈናቀሉ ለእናንተ አልነግራችሁም። ለቅሶ ደርሳችሁ ተመልሳችኋል።

ደግሞ ከእኛው መካከል ባንዲራ ትከሻው ላይ ጥሎ "ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር" እያለ፣ ወዲያው ዞር ብሎ ያን ልጅ "መጤ" ያለው አለ። በዓይኔ ያየሁትን ነው የምናገረው። ቅር የሚለው ካለ ቅር ይበለው። ያ ሰው የ1954ቱ ቡድን መራጭ ቢሆን ኖሮ በ84ኛው ደቂቃ ጎሉን የሚያገባ ሰው አይኖርም ነበር። በ101ኛውም አይኖርም። ቁጥሩን ራሳችሁ ሥሩት፤ ከአራቱ ጎል ሁለቱ የክልሶቹ ወንድማማቾች ነው። 2 ለ 2 ትቀራለህ እንዳልል የሉቻኖ ጎል ከሌለ ተጨማሪ ሰዓትም የለም። 2 ለ 1 ተሸንፈህ ወደ ቤት ነው።

አንዳንዱ "ይሄ ኳስ ነው፣ ፖለቲካ ሌላ ነው" ይለኛል። እንዴት ሌላ ይሆናል? ብሔራዊ ቡድናችን ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ለዓመታት በሀገሩ ሜዳ መጫወት አቅቶት "የሜዳችን ጨዋታ" እያለ በሰው ሀገር ሲንከራተት አላያችሁም? ስታዲየም ደረጃውን አላሟላም ተብሎ። በ1954 አፍሪካን የጋበዝን ሰዎች ነን። እርስ በርስ ስንቆጣጠር ሣሩ ደረቀ።

እንግዲህ የዘንድሮውን ውድድር በተመለከተ ያቀረብነው ሐሳብ ይሄ ነው። ከቡና ለቀማው በኋላ እንጀምራለን፣ ፍጻሜውን ጥር 13 ላይ እናደርገዋለን። ቡድኖቹ በቀበሌ ነው የሚመዘገቡት፤ በቀበሌው የሚኖር፣ ዕድሜው የሚፈቅድ ማንኛውም ልጅ የመመረጥ መብት አለው፣ የአያቱ አገር አይጠየቅም። ጠይቆ የተገኘ አሰልጣኝ ቡድኑ ሦስት ነጥብ ይቀነስበታል። ይሄን ደንብ ያወጣነው ትናንት ማታ እስከ አምስት ሰዓት ተከራክረን ነው፤ ከእኛው መካከል የተቃወሙ ነበሩ፣ በድምፅ ተሸንፈዋል፣ ግን ዛሬም መጥተዋል፣ አመሰግናለሁ። ማሊያ የለንም። ኳስ ሁለት አለ፣ አንዱ ይተነፍሳል። ሜዳውን ለማስተካከል ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ዶማና አካፋ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።

ያ ልጅ ደግሞ፣ እዚህ ካለህ፣ ምዝገባው ከኋላ ጠረጴዛው ላይ ነው። ስምህን ሄደህ አስመዝግብ። በምን ቦታ እንደምትጫወት ሲጠይቁህ አማካይ በላቸው።